በሐርጌሳ “ኑሮው የተደላደለ ወጣት” የሚባለው ማን ነው?

የሶማሊላንድ መዲና በሆነችው ሐርጌሳ ዕድሜው ከሠላሳ ያልዘለለ አንድ ወጣት “ኑሮው ተደላድሏል” የሚባለው ምን ሲኖረው ነው? ዳጎስ ያለ ደመወዝ ሲያገኝ ነው? መኪና ሲገዛ? ወይስ ቦታ ገዝቶ ቤት ሲሠራና ጎጆ ሲወጣ? ጥያቄው ለጨዋታ ያህል የሚነሣ ሊመስል ይችላል። ይሁንና ብዙ ወጣቶች በአገራቸው ለመቅረት ወይም አገራቸውን ጥለው ለመሄድ ሲወስኑ ራሳቸውን የሚለኩት በዚሁ ጥያቄ ነው።

በቁጥር ብቻ የተመለከተ ሰው መልሱ ቀላል ይመስለዋል። የዓለም ባንክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ይፋ ባደረገው ግምት መሠረት በ2012 የሶማሊላንድ ዓመታዊ ምርት 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ለእያንዳንዱ ነዋሪ ሲካፈል 347 ዶላር ይደርሳል። ይህም በወቅቱ በዓለም ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነበር። በዚህ ሚዛን በወር ጥቂት መቶ ዶላር የሚያገኝ ማንኛውም ወጣት ባለጸጋ ነው ማለት ነው።

የከተማዋ ነዋሪ ግን ነገሩን እንዲህ አያየውም። በሐርጌሳ የወጣትን አቅም ለመገመት የገቢው መጠን ከሌሎች ጥያቄዎች ተነጥሎ አይታይም። ገቢው በየትኛው ገንዘብ ነው? ስንት ሰው ይጠብቀዋል? ክፉ ቀን ቢመጣ ምን ይተርፈዋል? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በየተራ ይመለከታል።

ከባዶ የተጀመረ ሀብት

የዛሬዎቹን ወጣቶች አቅም ለመረዳት ወላጆቻቸው ከየት እንደተነሡ ማስታወስ ይገባል። በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በመድፍና በአውሮፕላን ደብድቦ አብዛኛውን ክፍሏን ወደ ፍርስራሽነት ለውጧታል። ዛሬ በከተማዋ እምብርት በመታሰቢያነት የቆመው የሚግ ተዋጊ አውሮፕላን የዚያን ጊዜ ምስክር ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ድንበር ተሻግረው ኢትዮጵያ ገቡ። በሶማሌ ክልል የሚገኘው የሃርቲሼክ መጠለያ በዘመኑ በዓለም ካሉት ግዙፍ የስደተኞች ጣቢያዎች አንዱ ሆኖ እስከ 2004 ቆይቷል።

ሶማሊላንድ ነጻነቷን ያወጀችው በግንቦት 1991 ነው። ወደ ፈረሰችው ከተማ የተመለሱት ቤተሰቦች ኑሮን የጀመሩት ከአዲስ ነበር። ስለዚህ በሐርጌሳ ከአያት ቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የከተማ ሀብት እምብዛም አይገኝም። ያለው ጥሪት በአብዛኛው የአንድ ትውልድ ልፋት ውጤት ነው።

ከዚህ ታሪክ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣው ዳሃብሺል የተባለው የሐዋላ ድርጅት ነው። መሐመድ ሰዒድ ዱአሌ በ1970 በቡርኦ ከተማ የመሠረቱት ይህ ድርጅት በጦርነቱ ምክንያት ሥራው ተናጋ። መሥራቹም እንደ ሌላው ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። ከዚያ ተነሥተው የተበተነውን ቤተሰብ በገንዘብ መልሶ የሚያገናኝ ሥራ ዘረጉ። ድርጅቱ ዛሬ በአፍሪካ ስማቸው ከሚጠራ የገንዘብ አስተላላፊዎች አንዱ ነው። የሐርጌሳ ወጣቶች ያደጉት ይህን ታሪክ እየሰሙ ነው። ሁሉን ያጣ ሰው መልሶ ሊቆም እንደሚችል ያስተምራቸዋል። ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ሊጠፋ እንደሚችልም ያሳስባቸዋል።

በዶላር የሚያገኝና በሽልንግ የሚያገኝ

በሐርጌሳ ጎዳናዎች የሽልንግ ክምር መሬት ላይ ደርድረው የሚመነዝሩ ሰዎችን ማየት የተለመደ ነው። የሶማሊላንድ ሽልንግ ሥራ ላይ የዋለው በ1994 ሲሆን ትልቁ የወረቀት ገንዘብ 5,000 ሽልንግ ነው። በቅርብ ዓመታት አንድ ዶላር የሚመነዘረው ከ8,000 በሚበልጥ ሽልንግ በመሆኑ የአገሩ ትልቁ ገንዘብ አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም።

በዚህም ምክንያት ከተማዋ ውስጥ ሁለት ዓይነት ገቢ ጎን ለጎን ይኖራል። የመንግሥት ሠራተኛው፣ የቀን ሠራተኛውና አነስተኛ ቸርቻሪው ሽልንግ ያገኛሉ። በዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ በቴሌኮም ኩባንያዎች፣ በባንኮችና በአስመጪዎች ዘንድ የተቀጠረው ደግሞ ዶላር ያገኛል። የቤት ኪራይ፣ የመኪናና የቦታ ዋጋ የሚነገረው በዶላር ነው። ስለዚህ ሁለት ወጣቶች በአንድ ወቅት ተቀራራቢ ደመወዝ ቢያገኙም ሽልንግ በተዳከመ ቁጥር አንደኛው ባለበት ሲቆም ሌላው ወደ ኋላ ይቀራል።

ቴሌሶም የተባለው ኩባንያ በ2009 የጀመረው ዛድ የተሰኘው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ይህን ልዩነት ይበልጥ ጎላ አድርጎታል። ዛሬ በሐርጌሳ ታክሲ የሚሳፈር፣ ውኃ የሚገዛ፣ ለጀበና ሻይ የሚከፍል ሰው ስልኩን አውጥቶ ጥቂት ቁጥሮችን መንካት ይበቃዋል። አገልግሎቱ የተጀመረው በዶላር ስለነበር ዶላር ከባንክ ካዝና ወጥቶ እስከ ጉልት ገበያ ዘልቋል። በቀድሞው ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ አብዲ የሥልጣን ዘመን መንግሥት ከ100 ዶላር በታች የሆነ የሞባይል ክፍያ በሽልንግ እንዲፈጸም መመሪያ ማውጣቱም የአገሩ ገንዘብ ቦታውን እየለቀቀ መሆኑ ስላሳሰበው ነበር።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ባደረገበት ጊዜ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በቀናት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በወር 20 ሺህ ብር የሚያገኝ አንድ የአዲስ አበባ ወጣት ገቢው በዶላር ሲሰላ ከ350 ገደማ ወደ 200 እና ከዚያም በታች ወርዷል። ወጣቱ ሥራውን አልለቀቀም፤ ደመወዙም በብር አልተቀነሰም። መኪና ወይም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ለመግዛት ያቀደው ግን ዕቅዱ በአንድ ሳምንት ራቀው።

ገቢው ሳይሆን ቅሪቱ

አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም በሆነችው ሐርጌሳ ባለጸጋ ማን እንደሆነ የሚወስን ጥንታዊ መለኪያ አለ። እርሱም የዘካ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት አንድ ሰው ዘካ የመስጠት ግዴታ ያለበት ንብረቱ ኒሳብ የተባለውን ዝቅተኛ መጠን ሲደርስና አንድ የጨረቃ ዓመት በእጁ ሲቆይ ነው። መጠኑ በወርቅ 85 ግራም ገደማ ነው። ለአርብቶ አደሩ ደግሞ 5 ግመል፣ 30 ከብት ወይም 40 በግና ፍየል ነው። ኒሳብ የደረሰ ገንዘብና ወርቅ ያለው ሰው ከመቶ ሁለት ተኩል ይሰጣል።

ይህ መለኪያ ስለ ዕድሜም ስለ ደመወዝም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ዓመት ዞሮ የተረፈውን ነው። በወር ብዙ የሚያገኝ ነገር ግን ወሩ ሲያልቅ ባዶ እጁን የሚቀር ሰው በዚህ ሚዛን ባለጸጋ አይደለም። በአንጻሩ ጥቂት እያገኘ ጥቂት በጥቂት ያጠራቀመ ሰው ከሰጪዎቹ ተርታ ሊሰለፍ ይችላል።

ለአብነት ያህል ሁለት ወጣቶችን እናስብ። አንደኛው በወር 600 ዶላር ያገኛል። ከዚህ ላይ 200 ዶላር ለወላጆቹ ይሰጣል፤ 180 ዶላር ለቤት ኪራይ ይከፍላል፤ 90 ዶላር ለታናሽ ወንድሙ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ያወጣል። ቀሪው 130 ዶላር ለምግብ፣ ለመጓጓዣና ለዘመድ መዋጮ ይውላል። ሁለተኛዋ በወር 300 ዶላር ታገኛለች። በቤተሰቧ ቤት ስለምትኖር 100 ዶላር ለቤት ወጪ አዋጥታ፣ 90 ዶላር ለራሷ አውጥታ፣ 110 ዶላር ታስቀምጣለች። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህ ከ6,500 ዶላር በላይ ይሆናል። የመንገደኛው ዓይን “የተደላደለ” የሚለው የመጀመሪያውን ነው። ጥሪት ያላት ግን ሁለተኛዋ ናት።

በመዝገብ ያልሰፈረ ዕዳ፣ በመዝገብ ያልሰፈረ ሀብት

በአውሮፓና በአሜሪካ የአንድ ወጣት ሀብት ሲሰላ ካለው ንብረት ላይ ዕዳው ይቀነሳል። በሐርጌሳ ይህ ስሌት ብዙም አያስኬድም። የወጣቱ ትልቁ ዕዳም ሆነ ትልቁ ሀብት በየትኛውም መዝገብ ላይ አልሰፈረምና። ሁለቱም ዘመዶቹ ናቸው።

በሶማሌዎች ዘንድ ወገን ለተቸገረ ሰው የሚያዋጣው ገንዘብ ቃራን ይባላል። ከጎሳው አንዱ ሰው ቢገድል ወይም በመኪና ቢገጭ ለተጎጂው ወገን የሚከፈለው ማግ የተባለ ካሳም በጎሳው አባላት ላይ ይደለደላል። ደመወዝተኛ የሆነ ወጣት ስልኩ በጠራ ቁጥር አንድ የታመመ አጎት፣ አንድ የሚዳር ዘመድ ወይም አንድ የሚከፈል ካሳ ሊኖር እንደሚችል ያውቃል። ገንዘብ በስልክ መላክ ቀላል በመሆኑ “አሁን በእጄ የለም” ብሎ ጊዜ መግዛት አስቸጋሪ ሆኗል።

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚለው የእኛ ብሂል እዚህ ላይ ሁለቱንም ጎን ያሳያል። መደበኛ ሥራ ያላቸው ጥቂቶች በሆኑባት ከተማ ሃምሳው ሎሚ አንድ ደመወዝተኛ ትከሻ ላይ ያርፋል። ያው ወጣት ግን ነገ ቢታመም፣ ቢታሰር ወይም ሱቁ ቢወድም ሎሚውን የሚካፈሉለት እነዚያው ሃምሳ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ለዘመድ የሚሰጠውን ገንዘብ እንደ ብክነት የሚቆጥር ነገሩን በግማሽ ብቻ ነው ያየው። መድን ባልተስፋፋበት አገር ወጣቱ የሚከፍለው የመድን ዓረቦን ይኸው ነው።

ለቁጠባም ቢሆን ሕዝቡ የራሱ ዘዴ አለው። ሀግባድ ወይም አዩቶ የሚባለው ማኅበር ከእኛ እቁብ ጋር አንድ ነው፤ አባላት በየወሩ ወይም በየሳምንቱ እኩል ያዋጡና ተራ የደረሰው ይወስዳል። በተለይ ሴቶች በገበያ ውስጥ ባላቸው ሰፊ ድርሻ ምክንያት ሀግባድን በትጋት ይዘውታል። ብዙ ወጣት ሴቶች የመጀመሪያ የሸቀጥ መግዣቸውን ወይም ወርቃቸውን የሚያገኙት ከዚህ ነው። ወርቁ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ሽልንግ ሲወርድ አብሮ የማይወርድ፣ በችግር ቀን በሰዓታት ውስጥ ወደ ገንዘብ የሚለወጥና የባለቤቷ የግል ንብረት የሆነ ጥሪት ነው።

በአንድ ሌሊት

የዚህ ሁሉ ጥሪት ደካማ ጎን በሚያዝያ 2022 መጀመሪያ በግልጽ ታይቷል። የረመዳን ጾም ሊገባ ሲል ዋሂን በተባለው የሐርጌሳ ትልቁ ገበያ የተነሣው እሳት ሌሊቱን ሙሉ ነድዶ 2,000 የሚያህሉ ሱቆችንና መደብሮችን እንዳወደመ የከተማዋ ባለሥልጣናት አስታውቀዋል። ሃያ ስምንት ያህል ሰዎች ተጎድተዋል። በገበያው ጠባብ መተላለፊያዎች ምክንያት የእሳት አደጋ መኪኖች ወደ ውስጥ ለመግባት ተቸግረው ነበር።

እሳቱ ሱቅን ብቻ አልነበረም ያቃጠለው። በሐርጌሳ ብዙ ነጋዴ ትርፉን የሚያስቀምጠው በሸቀጥ መልክ ነው፤ ለጾሙ ወር የተከማቸው ዕቃ የዓመታት ቁጠባ ነበር። መደበኛ ኢንሹራንስ ያልተስፋፋ በመሆኑም አብዛኛው ነጋዴ ካሳ የሚጠይቅበት ድርጅት አልነበረውም። ማታ “የተደላደለ” ይባል የነበረ ወጣት ነጋዴ ሲነጋ ባለዕዳ ሆኖ ተገኘ።

መንግሥት አንድ ሚሊዮን ዶላር ለመልሶ ማቋቋሚያ ቃል ገባ። በውጭ የሚኖሩ የአገሩ ተወላጆችና ነጋዴዎችም አዋጡ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መልሰው እንዲቆሙ ያደረገው ትልቁ ኃይል ግን ዘመድና የዱቤ ሸቀጥ የሚሰጥ አስመጪ ነበር። ሰፊ ወገንና ጥሩ ስም ያለው ፈጥኖ ተነሣ፤ ሁለቱንም ያላካበተ ጀማሪ ነጋዴ ግን ወደ ኋላ ቀረ። ወጣትነት ጉዳት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ተመሳሳይ ስጋት ከከተማው ውጭም አለ። የሶማሊላንድ ዋነኛ የውጭ ንግድ በበርበራ ወደብ የሚወጣው የቁም እንስሳ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ2000 እስከ 2009 በበሽታ ስጋት ግዢውን ስታቆም፣ በ2016 እና 2017 ድርቁ መንጋውን ሲጨርስ፣ በ2020 የሐጅ ጉዞ በኮሮና ምክንያት ሲገደብ፣ የአርብቶ አደሩ ልጅ ጥሪት ከእጁ ውጭ በሆነ ምክንያት ተመናምኗል።

ዋስ ያለውና ዋስ የሌለው

ሶማሊላንድ ሰፊ ዓለም አቀፍ እውቅና ሳታገኝ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ መቆየቷ የባንክ ሥርዓቷን አቀጭጮታል። ባንኮቿ የሚሠሩት በእስላማዊ ሕግ ነው፤ ወለድ አያስከፍሉም። ደንበኛው የሚፈልገውን ዕቃ ባንኩ ገዝቶ፣ ትርፍ ጨምሮ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሸጥለታል። ለዚህ ግን አስተማማኝ ዋስ ወይም መያዣ ያስፈልጋል።

ዋስ የሚሆነው ደግሞ የታወቀ ነጋዴ ወይም ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ነው። በመሆኑም ገንዘብ በቀላሉ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ልጅ ነው። ሌላው መያዣ መሬት ነው። ከውጭ በሚመለሱ ተወላጆች ፍላጎት የተነሣ የከተማዋ የቦታ ዋጋ እየናረ ሄዷል፤ የይዞታ ክርክርም ፍርድ ቤቶችን አጨናንቋል። ቦታ ያለው ወጣት ሀብታም ነው። ሰነዱ ክርክር የተነሣበት ወጣት ግን ሀብቱን በዓይኑ እያየ ሊጠቀምበት አይችልም።

ንብረትን ሸጦ ባሕር መሻገር

የመለኪያው ጉዳይ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆነው ታህሪብ በሚባለው የስደት ጉዞ ነው። ከሐርጌሳ ተነሥቶ፣ በቶጎ ውጫሌ በኩል ኢትዮጵያ ገብቶ፣ ከዚያ በሱዳንና በሊቢያ አቋርጦ ወደ አውሮፓ የሚደረገው ይህ ጉዞ የድሃ ልጆች ብቻ አይደለም። ሪፍት ቫሊ ኢንስቲትዩት በ2016 ያወጣው ጥናት ከተጓዦቹ መካከል ተማሪዎችና የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን እንደሚገኙበት አሳይቷል። ከሥራ እጦት ባሻገር የእኩዮች ተጽዕኖና ከውጭ የሚመለሱ ወጣቶች አኗኗር ግፊት እንደሚፈጥሩም ጠቁሟል።

የአሻጋሪዎቹ ዘዴ ጭካኔ የተሞላበት ነው። ወጣቱ ሲነሣ ምንም አይከፍልም፤ “በኋላ ትከፍላለህ” ይባላል። ሊቢያ ሲደርስ ማጋፌ ተብለው በሚጠሩ አጋቾች እጅ ይወድቅና ለቤተሰቡ ስልክ ይደወላል። የሚጠየቀው ብዙ ሺህ ዶላር ነው። እናት ወርቋን፣ አባት ቦታውን ወይም ግመሎቹን ይሸጣል፤ ዘመድ ቃራን ያዋጣል። በሃያና በሠላሳ ዓመት የተገነባ የቤተሰብ ጥሪት በሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ልጁ ወጣት ሳለ ሀብታም ለመሆን ሲነሣ ታናናሾቹ የሚነሡበትን መሠረት ይዞ ይሄዳል።

እዚህ ላይ የንጽጽሩ ስህተት ግልጽ ነው። ከአውሮፓ ለዕረፍት የመጣ እኩያ ልብሱና የኪራይ መኪናው ይታያል። ዕዳው፣ የሌሊት ፈረቃ ሥራውና በየወሩ የሚልከው ሐዋላ አይታይም። በሐርጌሳ የቀረው ወጣት ደግሞ በእጁ ያለው ሱቅ፣ የሀግባድ ተራ፣ ጥሩ ስምና ዘመድ እንደ ሀብት አልተቆጠረለትም።

ምን ቢደረግ?

ለወጣቱ “ቆጥብ” ብሎ መምከር ብቻ በቂ አይደለም፤ በሀግባድ እየቆጠበ ነው። “ለዘመድ አትስጥ” የሚለው ምክርም አያዛልቅም፤ ነገ እርሱም ፈላጊ ነው። የጎደለው ያጠራቀመው በአንድ እሳት፣ በአንድ ድርቅ ወይም በአንድ የምንዛሪ ለውጥ እንዳይጠፋ የሚከላከል ሥርዓት ነው። በእስላማዊ ሕግ የተፈቀደውና አባላት ተደጋግፈው አደጋን የሚካፈሉበት ተካፉል የተባለው መድን ከማግና ከቃራን ልማድ ጋር የሚስማማ በመሆኑ ወደ ገበያው ነጋዴ ቢወርድ ባዳ አይሆንም። ወጣቱ በሀግባድ ያሳየው የመክፈል ታማኝነት በባንክ ዘንድ እንደ ዋስ ቢቆጠርለትም የሀብታም ዘመድ የሌለው ሰው በር ይከፈትለታል።

ይህ ጉዳይ ከሐርጌሳ አልፎ ጅግጅጋን፣ ድሬዳዋንና አዲስ አበባንም ይመለከታል። በእነዚህም ከተሞች ወጣቱ በዕድሜ እኩዮቹ መኪናና ቤት ራሱን ይመዝናል፤ በእነዚህም ከተሞች ጥሪቱን ሽጦ በሊቢያ ወይም በየመን በኩል የሚወጣ አለ። ወላጆችም ሆኑ መንግሥታት ለወጣቱ “ስንት ታገኛለህ?” ከሚለው ጥያቄ ጋር “ነገ ሥራህ ቢቆም ስንት ወር ትኖራለህ? ሱቅህ ቢቃጠል ማን ያነሣሃል?” ብለው ቢጠይቁ የሚያገኙት መልስ የተለየ ይሆናል። የዘካው ሕግ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲመለከት የኖረው ዓመት ዞሮ የተረፈውን ነው። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ከዩኒቨርሲቲዎቿ ለሚመረቁባት ሐርጌሳ የሚቀረው ሥራ ያ የተረፈው ነገር የሚጠበቅበትን ቦታ ማዘጋጀት ነው።